ቤቱን የሚያሠራው ወንድም

በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን በሠርግም፣ በለቅሶም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅም ሲገናኙ ከሚያነሷቸው ጉዳዮች አንዱ አዲስ አበባ ላይ የጀመሩት ቤት ነው፤ ወሬውም ብዙ ጊዜ የሚያበቃው «ወንድሜ ገንዘቤን በላው» ወይም «እህቴ አታለለችኝ» በሚል ምሬት ነው። በቅርቡ አዲስ አበባ በቆየሁበት ጊዜ በቂርቆስና በስድስት ኪሎ አካባቢ በውጭ አገር ነዋሪዎች ገንዘብ የሚሠሩ ቤቶችን ተዘዋውሬ አይቻለሁ፤ የሚያሠሩትንም ዘመዶች አነጋግሬአለሁ። ያየሁትና የሰማሁት ነገር፣ ምሬቱ በአብዛኛው የሚያርፈው በማይገባው ሰው ላይ እንደሆነ አሳምኖኛል።

በአሜሪካ በባንክ ብድር ቤት የሚያሠራ ሰው ገንዘቡ በአንድ ጊዜ እጁ አይገባም። መሠረቱ ሲያልቅ፣ ከዚያም ጣሪያው ሲገጠም፣ የባንኩ ተቆጣጣሪ ሥራውን አይቶ ሲያረጋግጥ በየደረጃው ይለቀቃል። የመሠረቱ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የከተማው ተቆጣጣሪ መጥቶ ብረቱን ያያል፤ ግድግዳው ከመሸፈኑ በፊት ደግሞ የኤሌክትሪክና የውኃ መስመሩን ይመረምራል። ዕቃ መግዛትና ሠራተኛ ማሰማራት የሥራ ተቋራጩ ኃላፊነት ሲሆን፣ ከክፍያው ከመቶ 5 ወይም 10 ያህሉ ሥራው እስኪጠናቀቅ ተይዞ የሚቆይበት ውል የተለመደ ነው። በዚህ አሠራር ውስጥ ሁሉንም ነገር ብቻውን እንዲሸከም የሚጠየቅ አንድም ሰው የለም።

አዲስ አበባ ላይ እነዚህ ሥራዎች በሙሉ በአንድ ወንድም ወይም በአንዲት እህት ትከሻ ላይ ይወድቃሉ። ገንዘብ ያዡም፣ ዕቃ ገዢውም፣ ሠራተኛ ቀጣሪውም፣ ጉዳይ አስፈጻሚውም፣ ጥራት ተቆጣጣሪውም እሱ ነው፤ ያውም የራሱ ሥራና ልጆች ያሉት ሰው። ከባድ መኪና በቀን ወደ መሐል ከተማ እንዳይገባ የሚከለከልባቸው ሰዓቶች ስላሉ አሸዋና ጠጠር ብዙ ጊዜ የሚራገፈው በሌሊት ነው፤ መጠኑን ለማረጋገጥም እዚያው ማደር አለበት። ሲነጋ ብረት ለመግዛት ወደ ተክለ ሃይማኖት፣ ከዚያም ለፈቃድ ጉዳይ ወደ ክፍለ ከተማ ይሄዳል፤ እስኪመለስ ድረስ ግንበኛውና ብረት የሚያስረው ፌራዮ የሚሠሩትን የሚያይ የለም። ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁን የኮንክሪት ወለል፣ መሙላት የሚጀመረው በማለዳ፣ ዋሽንግተን ላይ ሌሊት ሲሆን ነው፤ ባለቤቱ ከእንቅልፉ ነቅቶ የሚያየው ቪዲዮም የተሞላውን ሶሌታ ያሳየዋል እንጂ ውስጡ የገባውን ብረት አያሳየውም። በፕላኑ ላይ ባለ 12 (ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር) የተባለ ብረት፣ አንዱ የ12 ሜትር ዘንግ ወደ 10.6 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይገባል፤ በጣም ካነሰ ብረቱ ቀጭን ነው። ይህን ለመለየት ሚዛን ብቻ ይበቃል፤ ነገር ግን የታሪክ መምህር ለሆነ ወንድም ይህን ማን ነገረው?

አዲስ የተሞላ ኮንክሪት ቢያንስ ለ7 ቀናት ያህል ሳይደርቅ ውኃ መጠጣት አለበት፤ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ማለት ውኃ በቦቴ መግዛት ማለት ነው። በስድስት ኪሎ ያነጋገርኳት አንዲት እህት ይህን ወጪ መዝግባ ስትልክ፣ ወንድሟ «ደግሞ ውኃ በገንዘብ ይገዛል?» ብሎ እንደመለሰላትና ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እንዳልተነጋገሩ ነግራኛለች። የተጠረጠረችው መሥራት የሚገባትን በትክክል በመሥራቷ ነው፤ ይህ በእጅጉ ያሳዝነኛል።

የዋጋው ነገርም እንዲሁ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላኪው ዶላሩ በብር ሲመነዘር ስለበዛለት ቤቱ ቶሎ እንዲያልቅ ጠበቀ፤ ተቀባዩ ግን ከውጭ የሚገቡት ዕቃዎች ዋጋቸው ሲንር ያይ ነበር።

ላኪው ንብረቱን የሚጠብቅበት መንገድ አለው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያገለግል፣ በአንቀጽ 2205 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ስለዚህ በኤምባሲ ውክልና ሲሰጥ ፈቃድ ማውጣትንና የግንባታ ውል መዋዋልን ዘርዝሮ፣ መሸጥን አለመጨመር ይቻላል። የሚሰጋ ሰው ስጋቱን በውክልናው ላይ ቢያሰፍረው፣ በየሳምንቱ በስልክ ወንድሙን ከሚመረምር ይሻለው ነበር።

ከሁሉ በላይ የምጠይቀው ግን፣ ከሥራ ተቋራጩም ከዘመዱም ነጻ የሆነና ክፍያውን በቀጥታ ከባለቤቱ የሚቀበል መሐንዲስ እንዲቀጠር ነው። ከእያንዳንዱ ሙሌት በፊት ብረቱን አይቶና ለክቶ ፎቶውን ይላክ፤ ገንዘቡም በእሱ ማረጋገጫ በደረጃ ይለቀቅ። ለሥጋ ዘመድ ደመወዝ መክፈል ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የሰውን ዓመታት በነጻ መውሰድ የባሰ ነውር ይመስለኛል። በቂርቆስ ያየሁት አንድ ጂ ፕላስ 2 (ከመሬት ወለሉ በላይ ሁለት ፎቅ ያለው) ቤት የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፦ ወንድምየው በወር የሚከፈለው በጽሑፍ ተወስኗል፤ ሥራውም ዕቃ መረከብና መመዝገብ ብቻ ነው፤ የብረትና የሲሚንቶ ሒሳብ ከባለቤቱ በቀጥታ ወደ ነጋዴው ይገባል። የመጨረሻውን ሶሌታ እስኪሞሉ ድረስ ሁለቱ ወንድማማቾች በገንዘብ ጉዳይ አልተጋጩም።