የዘፈኑን ዓመት የሚነግረኝ ሰው ጠፋ

ሰሞኑን አንድ ንዴት ይዞኛል። እዚህ ካልተነፈስኩት አይለቀኝም።

ዊኪፔዲያ ላይ በትርፍ ጊዜዬ እጽፋለሁ። ደሞዝ የለውም፣ የሚያስገድደኝም የለም። ማታ የድሬ ሙቀት በረድ ሲል፣ መብራት ካለ፣ ከዚራ ቤቴ ቁጭ ብዬ አርማለሁ። ባለፈው ስለ አንድ የውጭ ሮክ ዘፈን የተጻፈ መጣጥፍ ግምገማ ላይ ነበርኩ። መጣጥፉ ጥሩ ከሚባሉት ተርታ እንዲገባ የታጨ ነው። እዚያ ለመግባት መጣጥፉን ያልጻፈ ሌላ ሰው መስመር በመስመር ያነበዋል፣ ሌሎቻችን ደግሞ አስተያየት እንጨምራለን። ጥያቄው አያልቅም። ከበሮውን የመታው ማን ነው? ይሄ ነገር መጽሐፉ ውስጥ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው ያለው? «ተወዳጅ» ያልከው አንተ ነህ ወይስ ሃያሲው? የድምፅ ናሙናው ረዝሟል፣ ይቆረጥ። ናሙና ከዘፈኑ አንድ አስረኛ፣ ቢበዛ ደግሞ ከ30 ሰከንድ አይበልጥም። ግጥሙን ሙሉውን መገልበጥማ አይታሰብም።

በዚህ የሚማረር ብዙ ነው። እኔ አልማረርም። ጥያቄ ባይኖር ማንም ተነስቶ የፈለገውን ይጽፍ ነበር። የኔ ንዴት ሌላ ነው። ለዚያ ሁሉ ጥያቄ መልስ ተገኘ! ከአንዱ ቃለ መጠይቅ፣ ከአንዱ መጽሔት፣ ከአልበሙ ሽፋን ጀርባ ተለቅሞ መጣ።

የታወቀውን ልጥቀስ። ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ «ቦሄሚያን ራፕሶዲ»ን እ.ኤ.አ. በኦገስት 1975 ዌልስ ውስጥ ሮክፊልድ በሚባል ስቱዲዮ መቅረጽ ጀመረ። ፕሮዲውሰሩ ከባንዱ ጋር ሮይ ቶማስ ቤከር ነው። ርዝመቱ 5 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ። እንግሊዝ ውስጥ 9 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ፍሬዲ ሜርኩሪ በ1991 ሲሞት ተመልሶ አንደኛ ወጣ። ይህን ድሬዳዋ ሆኜ፣ በስልኬ፣ ከነምንጩ አገኘዋለሁ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከሳቢያን መጋላ በባጃጅ ስትሄዱ ሹፌሩ የሚከፍተውን ዘፈን አስቡ። ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። የት ተቀረጸ? ጊታሩን ማን ተጫወተ? በስንት ዓመተ ምሕረት? አቦ፣ ማንን ልጠይቅ? ካሴቱ ላይ ዓመት የለም። ዩቲዩብ ላይ የጫነው ሰው «ምርጥ የድሮ ሙዚቃ» ብሎ የሌላ ዘፋኝ ፎቶ ለጥፎበታል። ፌስቡክ ላይ ያለው ጽሑፍ አንዱ ከሌላው የተገለበጠ ነው፣ ስህተቱ ሳይቀር።

ዓመት ተጻፈ ቢባል እንኳ መከራው አያበቃም። አንዱ «በ1963 ተዘፈነ» ይላል። በኛ ነው በፈረንጅ? በኛ ከሆነ በፈረንጅ 1970 ወይም 1971 ነው። ለሙዚቃ ታሪክ ይሄ ትንሽ ልዩነት አይደለም። በኦሮምኛ የሚዘፍነው የአፍራን ቀሎ ባንድ ድሬዳዋ ላይ የተመሠረተው በፈረንጅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዘፋኙ ዓሊ ቢራ እዚያ በልጅነቱ ጀምሮ በኋላ የክቡር ዘበኛ ባንድ ገባ። ሰባት ስምንት ዓመት ከተሳሳትክ ዘፋኙን የሌለበት ባንድ ውስጥ ታስገባዋለህ። ከዚያ ሌላው ይገለብጠዋል፣ ሬዲዮ ያነበዋል፣ ስህተቱ ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

የዚያን ዘመን ሰዎች አልወቅስም። በኦሮምኛ መዝፈን በበጎ በማይታይበት ጊዜ ነው የዘፈኑት፣ ጋዜጣ ተከትሏቸው ባይጽፍ አይገርምም። ስለ ትናንቱስ ምን እንላለን? መቅረጫ በየኪሳችን ባለበት ዘመን ስለወጣውስ?

አንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ አሉ። ጋሼ ቁጭ ብለው ከባንዱ ጋር ማን እንደነበር፣ የት እንደተጫወቱ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ልጽፈው አልችልም። ያልታተመ፣ ያልተሰራጨ ወሬ ምንጭ አይሆንም። ሕጉ ልክ ነው፣ ለኔ ብቻ የተነገረኝን ሌላ ሰው እንዴት ያጣራል? ግን ጋሼ ከዓመታት በፊት ሬዲዮ ላይ ቀርበው ይህንኑ ተናግረው ነበር። ጣቢያው ሄድኩ። የተላለፈበትን ቀን ብቻ ንገሩኝ አልኩ። መጀመሪያ ደብዳቤ ይዘህ ና ተባልኩ። ይዤ ሄድኩ። በላዩ ላይ ሌላ ተቀርጾበታል አሉኝ። በላዩ ላይ! የሰውዬው ዕድሜ ልክ ሥራ ያለበት ላይ!

ገምጋሚዎቹም ሁሌ ንጹሕ አይደሉም። አንዱ የአማርኛ ጋዜጣ ብጠቅስ «ማንበብ ስለማልችል አይሆንም» ብሎ አወጣው። ሕጉ እንደዚያ አይልም። ምንጭ በማንኛውም ቋንቋ መሆን ይችላል፣ በኦሮምኛም በሐረሪም በሶማሊኛም። ተከራክሬ መለስኩት። ይሄኛው ቢያንስ በክርክር ይፈታል። የጠፋ ቴፕ ግን በክርክር አይመለስም።

ከዚያ ደግሞ መጣጥፉ ምንጭ የለውም ተብሎ ሲሰረዝ አገሩ ይናወጣል። «ናቁን!» ይባላል። ያን ቀን የሚጮኸው ሰው ሁሉ ስለ ዘፋኙ አንድ ገጽ እንኳ አሳትሞ አያውቅም። ፈረንጁን ከመስደብ በፊት የኛን ቢሮዎች፣ የኛን ጣቢያዎች መጠየቅ አለብን። ጋዜጠኞቻችንንም። እንግዳ ስታቀርቡ «እንዴት ጀመርክ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ስቱዲዮውን፣ ተጫዋቾቹን በስም፣ ዓመቱን ጠይቁ። የጠየቃችሁትን በጽሑፍ አውጡት።

ድሬም ሆነ ሐረር ያላችሁ፣ አባታችሁ ሙዚቀኛ ከነበረ፣ ቤት ውስጥ የኮንሰርት ፖስተር፣ የድሮ ጋዜጣ ቁራጭ፣ ውል፣ ከጀርባው የተጻፈበት ፎቶ ካለ አትጣሉት። ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስጡት፣ የሚያሳትም ተመራማሪ ፈልጉለት። ዓመት ስትጽፉ ደግሞ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ለዩልን፣ በናታችሁ።