ዎርክሾፕ ላይ ፔፐር ይቅረብ ወይስ ይቅር?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «ዩማፕን በመሰለ ጉባኤ ላይ የሚዘጋጅ ዎርክሾፕ ፔፐር መቀበል የለበትም።»

ዩማፕ የተጠቃሚውን ጠባይና ፍላጎት እያጠኑ ራሳቸውን ለእሱ የሚያስተካክሉ ሥርዓቶችን የሚሠሩ ተመራማሪዎች በየዓመቱ የሚገናኙበት ጉባኤ ነው። ሁለቱ ተከራካሪዎች እዚያ አብረው ዎርክሾፕ፣ ማለትም ከጉባኤው ጋር የሚካሄድ አነስ ያለ ስብሰባ፣ ለማቅረብ አስበዋል። ርዕሱ አንድ ስልክ ለብዙ ሰው ሲያገለግል ሥርዓቱ ማንን ነው የሚያውቀው የሚል ነው። ፕሮፖዛሉን መጻፍ ሲጀምሩ ግን ፔፐር፣ ማለትም የምርምር ጽሑፍ፣ ይጠራ አይጠራ በሚለው ላይ አልተስማሙም። ሐሳቡን የሚደግፉት አምስተርዳም የሚኖሩ፣ ዎርክሾፕ በማዘጋጀት የቆዩ ተመራማሪ ናቸው። የሚቃወሙት አዲስ አበባ ውስጥ የሚያስተምሩ መምህርት ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከአምስተርዳም፦

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። የግማሽ ቀን ዎርክሾፕ አራት ሰዓት ነው፤ 240 ደቂቃ። ስምንት ፔፐር ተቀበልን እንበል። ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ማቅረቢያ፣ 5 ደቂቃ ጥያቄ። 160 ደቂቃ ሄደ። ለዋናው ተናጋሪ 45 ደቂቃ፣ ለቡና 30 ደቂቃ። የቀረው አምስት ደቂቃ ነው። እሱም ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ሲቀያየር ያልቃል። ከዚያ ይጨበጨባል፣ ሁሉም ወደ ምሳ ይሄዳል። ማን ከማን ጋር ተወያየ? ማንም ከማንም ጋር አልተወያየም።

ይህ ትንሽ ኮንፈረንስ እንጂ ዎርክሾፕ አይደለም። ኮንፈረንስ የፈለገ ሰው ትልቁ እዚያው በማግስቱ ይጀምርለታል። ፔፐሮቹ ከየት እንደሚመጡም እናውቃለን። የዎርክሾፑ ማስገቢያ ቀን ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው የዋናው ጉባኤ ውጤት ከተነገረ በኋላ ነው። በዋናው የወደቀ ፔፐር ገጹ ተቀንሶ ወደ እኛ ይመጣል። እኛም ክፍሉ ባዶ እንዳይሆን እንቀበላለን።

መስኩ የተነሳው እንዲህ አልነበረም። በ1986 ጀርመን ውስጥ ማሪያ ላህ በሚባል ቦታ ስለ ተጠቃሚ ሞዴል፣ ማለትም ሥርዓቱ ስለ ተጠቃሚው ስለሚይዘው ምስል፣ የሚያስቡ ሰዎች ለዎርክሾፕ ተሰበሰቡ። የተጠቃሚ ሞዴል ጉባኤ የተወለደው ከዚያ ነው። በ2009 ከሌላው እህት ጉባኤ ጋር ተዋሕዶ ጣሊያን ትሬንቶ ላይ ዩማፕ ሆነ። መነሻው ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት መነጋገራቸው ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሃያ ሰው። እያንዳንዱ ሁለት ገጽ የሐሳብ መነሻ ይልካል፤ አይታተምም። ቀኑ በሙሉ ለንግግር ይውላል። ፔፐሩን ማንም ቤቱ ሆኖ ማንበብ ይችላል።

ከአዲስ አበባ፦

«ፔፐሩን ማንም ቤቱ ሆኖ ማንበብ ይችላል» ብለዋል ጋሼ። ቤቱ የሚቀረው ማን ነው? እኛ ነን። ሃያ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ለመግባት እኔ መጀመሪያ ከዚህ መነሳት አለብኝ። ለመነሳት ገንዘብ እጠይቃለሁ። ገንዘቡን የሚፈቅደው ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ምን ልታቀርቢ ነው?» «ለመወያየት ነው» ካልኩ ፋይሉ እዚያው ይዘጋል። ፔፐሬ ተቀባይነት አግኝቷል የሚል ደብዳቤ ከያዝኩ ግን ቢያንስ ቁጭ ብሎ የሚያነጋግረኝ አገኛለሁ። ኤምባሲም እንደዚሁ ነው። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። ቢከለከሉም አይመለስም።

በ2018 የሆነውን ያስታውሱ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ጥቁር ተመራማሪዎችን የሚያሰባስበውን ብላክ ኢን ኤአይን የመሠረቱት ቲምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ ሁለቱም አዲስ አበባ የተወለዱ ናቸው። ዎርክሾፓቸው በዚያ ዓመት ሞንትሪያል ላይ ሲካሄድ ከአፍሪካ ሊመጡ የነበሩ ብዙ ተመራማሪዎች የካናዳን ቪዛ ሳያገኙ ቀሩ። ሰዎቹ ቀሩ፤ የጻፉት ሥራ ግን ነበረ። የእርስዎ ዎርክሾፕ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ሲቀር ሐሳቡም አብሮ ይቀር ነበር።

ማሪያ ላህንም አንስተዋል። እዚያ የቀረቡት ጽሑፎች ተመርጠው በ1989 መጽሐፍ ሆነው ወጥተዋል። እኔ ያ ስብሰባ መኖሩን ያወቅኩት ሰዎቹ ስለጻፉ ነው። ሲነጋገሩ ብቻ ውለው ተለያይተው ቢሆን ዛሬ እርስዎም ምሳሌ አድርገው አያነሱትም ነበር።

ከአምስተርዳም፦

እህቴ፣ የተናገርሽውን ልድገመው። ፔፐር የሚያስፈልግሽ ገንዘብ የሚፈቅደው ሰው እንዲያነጋግርሽ ነው። ስለዚህ ፔፐር ቲኬት ነው። እኔ ስለ ሳይንስ ነው የምጽፈው፤ አንቺ ስለ ጉዞ። ሁለቱን እናቀላቅል ካልሽ ዎርክሾፑ የአውሮፕላን ቲኬት መቁረጫ ይሆናል። ያ ደግሞ የአንቺንም ሥራ ያዋርዳል። ደግሞስ ለማዕረግ እድገት ይጠቅማል እንዳትይኝ። የዎርክሾፕ ፔፐር በአብዛኛው ኮሚቴ ዘንድ ከጆርናል ጋር እንደማይቆጠር አንቺም ታውቂያለሽ። ብዙ ደክመሽበት፣ እዚያው ጥራዙ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

ርዕሳችንን ተመልከቺ። በ1979 ኢሌን ሪች ግራንዲ የሚባል ሥርዓት ሠራች። ሰውየው ስለ ራሱ ጥቂት ቃላት ይናገራል፣ ሥርዓቱ ይመድበዋል፣ ልብ ወለድ ይጠቁመዋል። ከማሽኑ ፊት የተቀመጠው አንድ ሰው ነው ከሚል ይነሳል። ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1997 የጀመረው ፊልም ጠቋሚው ሙቪሌንስም አንድ መለያ አንድ ሰው ነው ብሎ ይሠራል። ዛሬም ብዙው ሥርዓት እንደዚያው ነው። እዚያ አገር ቤት ደግሞ እናት የምትደውልበት ስልክ፣ ልጅ ቪዲዮ የሚያይበት፣ አባት በቴሌብር የሚከፍልበት ያው አንድ ስልክ ነው። ሥርዓቱ ሦስቱን ደርቦ የሌለ ሰው ይፈጥራል። ይህን ግምት ስምንት ሰው ተራ በተራ ስላይድ በማሳየት አታፈርሺውም። አልጎሪዝሙን የሚሠራው ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ «ይህ ለምን ችግር ሆነ?» ብሎ ሲከራከርሽ ነው የሚፈርሰው።

መምጣት ያልቻለ በኢንተርኔት ይግባ። ዩማፕ በ2020ም በ2021ም በኢንተርኔት ተካሂዷል። ዓለም አልፈረሰችም።

ከአዲስ አበባ፦

ስልኩን በደንብ ነው የገለጹት። እኔ ከዚያ ቤት አልራቅኩም ጋሼ፤ እናቴ ስልኳን ለወንድሜ ልጆች ሰጥታ እኔ ስደውል የሚያነሳልኝ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ይህን የማውቀውን እኔን ቤትሽ ሆነሽ አንብቢ ነው የሚሉኝ። ስለዚያ ስልክ የሚያወራው ክፍል ውስጥ ስልኩን በጋራ የሚጠቀም አገር ሰው የለም።

ጉዞ ብለው ያቃለሉት ነገር ማን ይናገራል፣ ማን ዝም ይላል የሚለው ነው። ይህ ከሳይንሱ ውጭ ነው ብዬ አላምንም።

በኢንተርኔት ይግባ አሉ። ገብቻለሁ። መብራት ሲሄድ ሞባይል ዳታ አብርቼ ስመለስ ውይይቱ ከእኔ ቀድሞ ሄዷል። ክፍል ውስጥ ያሉት ቡና ሊጠጡ ሲወጡ ዋናው ወሬ እዚያ ይጀመራል፤ እኔ ባዶ ወንበር አያለሁ። የጻፍኩት ነገር ግን መብራት ስለሄደ አይቋረጥም። ሲዩር የሚባለው የዎርክሾፕ ጥራዞች ማኅደር ከ1995 ጀምሮ በነፃ ያወጣል። ጸሐፊ አይከፍልም፣ አንባቢም አይከፍልም። ተቀብሮ ይቀራል ያሉትን ተማሪዎቼ በየሴሚስተሩ ያነቡታል። ለጆርናል የሚከፍሉት የላቸውማ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዝም ብዬ የቆየሁት ነው። ከዚህ በፊት በአንድ ዎርክሾፕ ፕሮፖዛል ላይ ስሜ ከአዘጋጆች ዝርዝር ገብቶ ነበር። አዘጋጆቹ ከተለያዩ አገሮች ቢሆኑ ጥሩ ነው ስለሚባል ነው የገባው። አንድ ስብሰባ ላይ አልተጠራሁም። ፕሮግራሙን ያየሁት እንደ ማንኛውም ሰው ይፋ ሲሆን ነው። ርዕሱም፣ ተናጋሪውም፣ የውይይት ጥያቄዎቹም ተቆርጠው አልቀዋል። ፔፐር በሌለበት ዎርክሾፕ ሁሉን የሚወስነው አዘጋጁ ነው። ማንን መጋበዝ፣ ምን መጠየቅ፣ ማንን ማስቀደም፣ ሁሉም በእሱ እጅ ነው። ፔፐር ሲጠራ ግን የማያውቀኝ ገምጋሚ ያነበኛል። ሳይጋበዙ የሚገባበት በር እሱ ብቻ ነው። እሱን ነው ዝጉ የሚሉት።

ከአምስተርዳም፦

ይህን ማንበብ ያሳዝናል። እኔ በዚህ መስክ ሰዎቻችን እንዲታዩ ብዬ ስንት የግብዣ ደብዳቤ እንደጻፍኩ፣ ስንት ሌሊት የሰው ፔፐር ሳርም እንዳነጋሁ የሚያውቅ ያውቃል። እኔም በቪዛ ነው የመጣሁት። ማንም አልሰጠኝም፤ እኔም በር ስዘጋ አልኖርኩም። ቪዛ የሚከለክለው ኤምባሲ ነው። የዎርክሾፕ ሊቀመንበሮች የሚያዩት ፕሮፖዛል ነው፤ ርዕሱ አዲስ ነው ወይ? ከጉባኤው ጋር ይሄዳል ወይ? ስንት ሰው ይመጣል? ግማሽ ቀን ነው ሙሉ ቀን? በምን መልክ ይካሄዳል? በዚህ የመጨረሻው ላይ «ፔፐር ይቀርባል፣ ጥያቄ ይጠየቃል» ብለን ከጻፍን ከሌላው ፕሮፖዛል በምን እንለያለን?

የሚቀር ነገር ይኑር ካልሽ ሪፖርት እንጻፍ። የመረጃ ፍለጋ ተመራማሪዎች መጽሔት የሆነው ሲግአይአር ፎረም የዎርክሾፕ ሪፖርቶችን ያትማል። ጀርመን ያለው የኮምፒውተር ሳይንስ ማዕከል ዳግሽቱልም ሴሚናሮቹን በሪፖርት ያስቀምጣል። ቀኑን በሙሉ ተወያይተን፣ ያገኘነውን በጋራ ጽፈን፣ ሁላችንም ፈርመን እናወጣለን። ያ ከስምንት የተበጣጠሰ ፔፐር ይበልጣል። ቤቱ ሆኖ ማንበብ የፈለገም ያንን ያንብብ።

ከአዲስ አበባ፦

አሁንም ቤቱ ሆኖ ያንብብ አሉ።

ሪፖርቱ ላይ የሚፈርመው ክፍሉ ውስጥ የነበረ ነው። ያልነበረው «በታዳጊ አገሮች ያሉ ተጠቃሚዎች» ተብሎ አንድ አንቀጽ ይጻፍለታል። እኔ አንቀጽ መሆን አልፈልግም።

ደግሞ ኤምባሲ ነው የሚከለክለው ብለው አለፉት። ጉባኤውን የት እናድርግ የሚለውን ኤምባሲ አይወስንም። አይክሊር የተባለው ትልቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ በ2020 አዲስ አበባ ሊመጣ ተወስኖ ነበር። ኮቪድ ባይመጣ ኖሮ እኛ በታክሲ እንሄድ ነበር፤ ቪዛ የሚጠይቀው ሌላው ይሆን ነበር። በ2023 ደግሞ ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። የአፍሪካ ቋንቋዎችን የሚመለከተው አፍሪካኤንኤልፒ ዎርክሾፕም በ2020 ከዚያው ጉባኤ ጋር ተጀመረ። ፔፐር ይቀበላል። ፔፐር ስለሚቀበልም ስንት ወጣት የመጀመሪያ ሥራውን እዚያ አወጣ። ውይይቱ አልሞተም።

ስለ ጋራ ስልክ የሚደረግ ዎርክሾፕ እዚህ ይደረግ። ስልኩም ሰዎቹም እዚህ ናቸው። እናንተ ኑ።

ከአምስተርዳም፦

ክርክሩ ስለ ፔፐር ነበር የጀመረው። አሁን ከተማ ወደ መምረጥ ሄድን። ዎርክሾፕ ከጉባኤው ጋር ነው የሚካሄደው፤ ጉባኤው በሄደበት ይሄዳል። ዩማፕን አዲስ አበባ የማምጣት ሥልጣን እኔም የለኝ፣ አንቺም የለሽ። ለብቻችን አዲስ አበባ ብናደርገው ችግሩን የምናውቅ እርስ በርሳችን ተሰብስበን እንስማማለን። መስማት ያለበት ግን ያንን ሥርዓት የሚሠራው ሰው ነው። እሱ ያለው ጉባኤው ላይ ነው። እዚያ ሄደን ካልያዝነው አናገኘውም። ይህን በቁጣ ሳይሆን በሕሊናሽ መልሺልኝ።

ለማስማማት አንድ ሐሳብ አለኝ። አራት ፔፐር እንቀበል። ለማቅረብ 40 ደቂቃ፣ የቀረው ለውይይት።

ከአዲስ አበባ፦

ሠሪውን እዚያ ነው የምናገኘው ያሉትን እቀበላለሁ። ስለ አራቱ ግን አይሆንም። አራት ብቻ ሲሆን የሚገቡት ቀድመው የሚታወቁት ናቸው።

እርስዎ ከመጀመሪያው የጻፉትን ቃል ይዤ ልመልስ። ፔፐር ቤት ሆኖ ይነበባል አይደል? እንግዲያውስ እናንተ ቤታችሁ ሆናችሁ አንብቡት። የማስገቢያውን ቀን እናስቀድመው። ገምጋሚዎች ያሳለፉትን ሁሉ እንቀበል፤ ስምንትም ይሁን አሥራ ሁለት። ከጉባኤው አንድ ወር በፊት ሲዩር ላይ ይውጣ። ክፍሉ ውስጥ ማንም ስላይድ አያሳይም። መምጣት ያልቻለ ጸሐፊ ሥራው ለውይይት ይነሳለታል፣ ስሙም ጥራዙ ላይ ይኖራል። የመጣው ደግሞ የእርስዎን 240 ደቂቃ ሙሉ ያገኛል። የውይይቱን ጥያቄዎች የማወጣው ግን እኔ ነኝ፤ ስሜ ዝርዝር ላይ እንዲገባ ብቻ አልፈርምም።

ከአምስተርዳም፦

ሃያ ሰው ስምንት ፔፐር አንብቦ ይመጣል ብለሽ ታምኛለሽ? ስንት ዎርክሾፕ አዘጋጅቼ እንዲህ ያለ ክፍል አላየሁም። ግማሹ በአውሮፕላን ላይ ርዕሱን አይቶ ነው የሚመጣው። ከዚያ ደራሲው ይቆምና «ለማስታወስ ያህል» ብሎ 20 ደቂቃ ያወራል። ተመልሰን እዚያው ነን።

ከአዲስ አበባ፦

ያላነበበ አይግባ። ፕሮፖዛሉ ላይ ይጻፍ። «በምን መልክ ይካሄዳል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እሱ ነው።