ገመዱን ሳይነቅሉ ርክክብ አይፈርሙ

ባለፈው ወር ለገሃር አካባቢ በሚገኝ ቢሮ አንድ ርክክብ ላይ ነበርኩ። ወደ ፋብሪካ ሊላኩ የተዘጋጁ አራት የኢንዱስትሪ ስዊቾች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። የሁሉም አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ሰነዱን ወደ እኛ ገፋ አድርገው «ይኸው ይሠራል፤ ምን ቀረ?» አሉ።

ብዙ ነገር ቀርቶ ነበር።

ስዊች ስል ግድግዳ ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ማለቴ አይደለም። የኔትወርክ ገመዶች የሚገናኙበትን ሳጥን ነው። ታንኩ ምን ያህል እንደሞላ፣ ማሞቂያው ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ኦፕሬተሩ ስክሪን ላይ የሚያየው በዚህ ሳጥን በኩል ነው። ቢሮ ውስጥ ኔትወርክ ሲቋረጥ ኢሜይል ይዘገያል። ፋብሪካ ውስጥ ሲቋረጥ ግን ፓምፑ እየሠራ ኦፕሬተሩ ምንም አያይም። አረንጓዴዋ መብራት ደግሞ ገመዱ መሰካቱንና መረጃ እያለፈ መሆኑን እንጂ ሌላ ነገር አትነግረንም።

ከፋብሪካው የመጡት ኤሌክትሪሺያን ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚህ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ገመድ ይንቀሏት» አልኳቸው። ነቀሏት። ስክሪኑ ላይ ለሙከራ ሲንቀሳቀስ የነበረው የታንኩ ቁጥር ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ። ቁጥሩ ተመልሶ እስኪንቀሳቀስ 30 ሰከንድ ያህል ፈጀ።

ስዊቾቹ በቀለበት የታሰሩት አንዱ ገመድ ቢበጠስ መረጃው በሌላው በኩል ዞሮ እንዲደርስ ነው። ለፋብሪካ በተሠራው ዘዴ ይህ ከአንድ ሰከንድ በታች ያልቃል። እዚህ ግን የተከፈተው የድሮው፣ ስፓኒንግ ትሪ የሚባለው ነበር። እየሞላ ላለ ታንክ 30 ሰከንድ ብዙ ነው። ጭራሽ ምንም መቆጣጠሪያ ሳይከፈት ቀለበቱ ቢዘጋ ደግሞ የባሰ ይመጣል። ለሁሉም የተላከ አንድ መልእክት እየዞረ ይባዛል፤ ወዲያው መስመሩን ያጨናንቀዋል።

መጨናነቅ ቀላል ነገር አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በነሐሴ 2006 አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ብራውንስ ፌሪ በተባለው የኑክሌር ማመንጫ የኔትወርኩ ትራፊክ ከልክ አለፈ። የፓምፖቹ መቆጣጠሪያዎች መልስ መስጠት አቆሙ፤ ሁለት ፓምፖች ቆሙ። ኦፕሬተሮቹም ሪአክተሩን በእጃቸው ለማጥፋት ተገደዱ።

ቀጥሎ ስዊቾቹን አጥፍተን አበራናቸው። አንደኛው ሴቲንጉን በሙሉ ረስቶ ተነሳ። ያስተካከለው ልጅ «ሴቭ» ማድረጉን ዘንግቶታል። መብራት በሚሄድበት አገር ይህ ስህተት ስንት ቀን ተደብቆ ይቆያል? የይለፍ ቃሉም ስዊቹ ከአምራቹ ሲመጣ የነበረው፣ ማኑዋሉ ላይ የታተመው ነበር።

ልጁን አልወቅሰውም። ጥፋቱ የአሠራራችን ነው። ፍተሻ ሁልጊዜ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ግንባታው ሲዘገይ፣ ዕቃው ጉምሩክ ሲቆይ የሚበላው የፍተሻው ቀን ነው። ባለቤቱ ማምረት ይፈልጋል፣ ኮንትራክተሩ የመጨረሻ ክፍያውን። «አምራቹ አገሩ ላይ ፈትሾታል» የሚሉም አሉ። ልክ ነው፤ ግን የፈተሸው በራሱ ገመድና በራሱ መብራት ነው።

ስለዚህ የፍተሻው ቀናት ውሉ ላይ ይጻፉ፤ ማንም አይንካቸው። የመጨረሻው ክፍያ ገመድ ተነቅሎ፣ መብራት ጠፍቶ፣ አንድ ስዊች ከነጭራሹ ወጥቶ ከታየ በኋላ ይለቀቅ። የሚነቅለው ደግሞ የፋብሪካው ባለሙያ ይሁን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው።

ያን ቀን አልፈረምንም። ኃላፊው ቅር ቢላቸውም በሦስተኛው ቀን ተመልሰን ተሰበሰብን። ጋሼ ያችኑ ገመድ ነቀሏት። የታንኩ ቁጥር አልቆመም። ሌላም ነቀሉ፣ መልሰው ሰኩ፣ ስዊቹን አጥፍተው አበሩ። ከዚያ ብዕሩን ከማንሳታቸው በፊት «አዲሱ የይለፍ ቃልና የሴቲንጉ ቅጂስ?» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።