ማስተካከያ፦ ፕሮፌሰር መስፍን የተወለዱት ጎንደር አይደለም

ባለፈው ሳምንት ስለ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ስጽፍ ሁለት ነገር አበላሽቻለሁ። የትውልድ ቦታቸውን ጎንደር ብዬ ነበር። የተወለዱት አዲስ አበባ ነው፣ በ1922 ዓ.ም.። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ቡና ስንጠጣ አንድ አዛውንት፣ «አንተ ልጅ፣ ጎበዝ ሰው ሁሉ የኛ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል። «ፓርቲያቸውን ትተው ኢሰመጉን (የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤን) መሠረቱ» ብዬ ጽፌ ነበር። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የጂኦግራፊ መምህሩ መስፍን ኢሰመጉን ከሌሎች ጋር ያቋቋሙት በ1984 ነው፤ ለዓመታትም መርተውታል። ወደ ፓርቲ የገቡት ከዚያ በኋላ፣ በቀስተ ደመና በኩል ነው። ቀስተ ደመና ደግሞ በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅት በተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት ውስጥ ከነበሩት ፓርቲዎች አንዱ ነበር። ከምርጫው በኋላ ታሰሩ፣ በ1999 በይቅርታ ተፈቱ። መስከረም 2013 ማረፋቸውን የጻፍኩት ግን ልክ ነው።