ግቢያችንን ለምን በሴራሚክ ሸፈንነው?

ጥቅምት ሲገባ የምኖርባት የጀርመን ከተማ ላይፕሲግ ትቀዘቅዛለች፣ ቀኑም ያጥራል። ሰዉ ግን የእጅ ጋሪውን እየገፋ ወደ አትክልት ቦታው ይወጣል። ጡረተኛው፣ ነርሷ፣ የትራም ሾፌሩ፣ ሁሉም ጎንበስ ብለው ቅጠል ሲሰበስቡ ታገኟቸዋላችሁ። በዚህ አገር ከሕንፃውና ከመንገዱ ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ያገሬ ሰውም አብሮኝ እንዲንገበገብ እፈልጋለሁ።

አብዛኞቹ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ የራሴ የሚሉት አንድ ክንድ መሬት የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ቁራሿን መሬት የሚያገኙት ከማኅበር ተከራይተው ነው። «የሽሬበር ማኅበር» ከሚባሉት ከእነዚህ ማኅበራት የመጀመሪያው የተመሠረተው እዚሁ ላይፕሲግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ነው፤ ዛሬ በመላው ጀርመን በማኅበር የታቀፉት ቦታዎች ወደ 900 ሺህ ይጠጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሕግ አንዱ ቦታ ከ400 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ፣ የሚሠራበት ጎጆም ከነበረንዳው ከ24 ካሬ ሜትር እንዳያልፍ ይደነግጋል። ሣር ዘርቶ፣ ወንበር ዘርግቶ መቀመጥ ብቻ አይቻልም፤ ከቦታው ሲሶ ያህሉ አትክልትና ፍራፍሬ ሊበቅልበት ይገባል። መሬት የያዘ ያልማ ነው ነገሩ።

ከእኔ ቀጥሎ ያሉት አዛውንት ሴት ከሰማንያ ዓመት ያለፉ ናቸው። ወገባቸው ጎብጧል፣ እጃቸው ግን አያርፍም። ውርጭ ከመውደቁ በፊት ያልበሰለውን ቲማቲም ለቅመው ከበሰለ ፖም ጋር ካርቶን ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ከፖሙ የሚወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ቲማቲሙን ያበስለዋል። ካሮቱንና ቀይ ሥሩን እርጥበት ባለው አሸዋ ቀብረው ምድር ቤት ያኖሩታል፤ ብርዱን ሙሉ እያወጡ ይበሉታል። የፎሶሊያውን ሐረግ ከመሬት ከፍ አድርገው ይቆርጡታል እንጂ ከነሥሩ አይነቅሉትም። ሥሩ ላይ ያሉት ትንንሽ እባጮች ናይትሮጅን ይዘዋልና እዚያው በስብሰው ለሚቀጥለው ተክል ይተርፋሉ። ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው በዚሁ ወቅት ነው፤ ብርድ ካላገኘ ደኅና ራስ አይዝም። ጎመኑን ደግሞ ሳይነኩ ይተዉታል፤ ውርጭ ሲያገኘው ስኳሩ ስለሚጨምር ይጣፍጣል። በመጨረሻ ቧንቧው እንዳይፈነዳ ውሃው ተዘግቶ የተረፈው እንዲፈስ ይደረጋል።

ከሁሉም በላይ ግን የቅጠሉ ነገር! ደረቁን ቅጠል ከኩሽና ልጣጭና ከለምለም አረም ጋር በየተራ ይደራርቡታል፤ ደረቁ ብቻውን ቶሎ አይበሰብስም፣ እርጥቡ ብቻውን ይሸታል። በሽታ ያለበትን ግንድ ለይተው ያወጣሉ። ባዶ የቀረው መደብ ላይ ቅጠል ይነሰንሳሉ፣ አፈሩ ተራቁቶ እንዳይከርም። አንድ ክምር ደግሞ ጥግ ላይ ለጃርት ይተዋል፤ እሱም ውስጡ ተኝቶ ብርዱን ያሳልፋል። አጥር የሆነውን ቁጥቋጦ እንኳ ከማርች 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ከቀላል ማስተካከያ በላይ መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ወፎች የሚፈለፍሉበት ጊዜ ነውና። ትልቁ መቀስ የሚወጣው ኦክቶበር ሲገባ ነው። አትክልት ቦታ የሌለውም ቢሆን ልጣጩን ከሌላው ቆሻሻ ጋር አይቀላቅልም፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሚበሰብሰው ተለይቶ እንዲሰበሰብ ሕጉ ያስገድዳል።

እኛስ? መስከረም አልቆ ዝናቡ ሲያባራ የእኛ አፈር ውሃውን ጠጥቶ፣ ፀሐይ ወጥቶለት ይጠብቀናል። አዲስ አበባ ላይ ጎመንና ቆስጣ ውሃ እስካገኘ ድረስ ዓመቱን ሙሉ ይበቅላል። እዚህ ያለው ሰው ይህን ለማግኘት ምን የማይሰጠው አለ! ያደግሁበት ግቢ ጌሾ፣ ኮክ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ ነበረበት፤ እናታችን ወጥ ጥዳ ቃሪያዋን ከጓሮ ቀጥፋ ትገባ ነበር። አሁን ከበሩ እስከ ኋላው ግንብ ድረስ ሴራሚክ ነው። ጌሾው ተነቅሏል። ኮኩ «ቅጠሉ ግቢ ያቆሽሻል» ተብሎ ተቆርጧል። ቅጠል ያቆሽሻል! እዚህ አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የሚለቅሙት ያው ቅጠል አይደለም እንዴ?

ይህ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያው ነው። ክረምት ሲመጣ ወደ መሬት መስረግ የነበረበት ዝናብ በንጣፉ ላይ ተንሸራትቶ ወደ መንገድ ይወርዳል፤ ከዚያ ጎርፍ አስቸገረን እንላለን።

ለታላቅ እህቴ ስለ ልጣጩ ብነግራት ሳቀችብኝ። «አንተ ልጅ፣ አውሮፓ የሄድከው የድንች ልጣጭ ልትቆጥር ነው?» አለችኝ። «እትዬ፣ ጎመኑን በስንት ትገዢዋለሽ?» ብላት ስለ ገበያው ውድነት ስታማርር ቆየች። ያ ልጣጭ ግን በጆንያ ታስሮ በር ላይ ይወጣል። በአዲስ አበባ ከየቤቱ ከሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፤ ሲከመር የኖረውም ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ያን ሐዘን የተቀመጠ ሰው ልጣጩን ከጓሮው ለማስቀረት ሌላ ምን ምክንያት ይፈልጋል? በሌላ በኩል አገሪቱ ለማዳበሪያ ግዢ በየዓመቱ የውጭ ምንዛሪ ታፈሳለች።

አገራችን ይህን ጥበብ አታውቅም ማለቴ አይደለም። ጉራጌ፣ ሲዳማ፣ ጌዴኦ ብትሄዱ እንሰቱ ቤቱን ከቦ ይቆማል፤ የከብቱ እበት ከቤት እየወጣ እግሩ ሥር ይፈስሳል። እንሰቱና ቡናው ከዛፍ ጥላ ሥር አብረው የሚበቅሉበትን የጌዴኦን መልክዓ ምድር ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የጠፋብን ከተማ ስንገባ ነው። እናቶቻችን ሲያደርጉት ያየነውን ነገር ኋላ ቀርነት አድርገን ቆጠርነው፣ ጭቃ የሌለበት ግቢም የኑሮ ማማር መለኪያ ሆነ።

የንጣፉ ገንዘብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከውጭ ነው። አገር ቤት ያለው ያለቀውን ግቢ ፎቶግራፍ አንስቶ ይልካል፣ ከዚህ ማዶ ያለው «እንዴት ያምራል!» ይላል። ውጭ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ለሚቀጥለው እድሳት ስትልኩ አንድ ነገር ጠይቁ፤ ከኩሽናው ጀርባ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሚሆን መሬት ሳይነጠፍ ይቅር። ጥጉ ላይ ጉድጓድ ይቆፈርና ልጣጩ፣ የቡናው አተላ፣ የተጠረገው ቅጠል እዚያ ይግባ። በየጊዜው ይገላበጥ፣ ሲደርቅ ውሃ ይረጭበት። በጥቂት ወራት ውስጥ ጥቁር አፈር ይሆናል፤ ቆስጣውም ጎመኑም በዚያ ላይ ይበቅላል።

እህቴ እስካሁን እሺ አላለችም። እኔም አልተውኳትም፤ ከኋላው ግንብ ሥር ያለው አንድ መስመር ሴራሚክ እንዲነሳ በደወልኩ ቁጥር እጨቀጭቃታለሁ። የጎመን ችግኝ የሚያመጣላት የሰፈር ልጅ አግኝቻለሁ፣ የሠራተኛውንም ሂሳብ እኔ እችላለሁ ብያታለሁ።