ጥብስ ብዬ ልኬ በቻይንኛ ወጣ

ወገን፣ ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። ረጅም ነው፤ ጊዜ የሌለው ይለፈው፣ ያለው ቡና ይዞ ይቀመጥ።

ነገሩ ሲጀመር ቀላል ነበር። ምግብ ቤት ያላቸው አንድ ጋሼ አስጠሩኝና "አስተናጋጆቹ ትዕዛዝ በስልክ ይቀበሉ፣ ኩሽና ያለችው ትንሿ ፕሪንተር ወረቀት ታውጣ፣ ካሸሯ ደግሞ በኮምፒውተሯ ትየውና እሷም በራሷ ፕሪንተር ታትም" አሉኝ። ስልኮቹ አንድሮይድ፣ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ። እኔም ደረቴን ነፍቼ "ጋሼ፣ ፍላተር የሚባል ነገር አለ፤ አንዴ ከተጻፈ ለስልኩም ለኮምፒውተሩም ይሆናል" አልኳቸው። ያኔ ነበር አፌን መስፋት የነበረብኝ። ጋሼ ሒሳቡን ወዲያው ሠሩት። "አንዴ ከተጻፈማ የአንድ ዋጋ ነዋ!"

አልዋሽም፣ ኮዱ አላስቸገረኝም። ሜኑው፣ ጠረጴዛው፣ ሒሳቡ፣ ትዕዛዝ መላኩ፣ ሁሉም በሁለት ሳምንት አለቀ። በዳርት፣ ማለት በፍላተር ቋንቋ፣ የጻፍኩት ስልኩም ላይ ኮምፒውተሩም ላይ እኩል ይሠራል። ጉዱ የሚጀምረው አፑ ከራሱ ወጥቶ ማሽኑን አንድ ነገር ሲለምን ነው። ኢንተርኔት ስጠኝ፣ ብሉቱዝ ስጠኝ፣ ፕሪንተሯን አሳየኝ ሲል። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ሲስተም የራሱ ኬላ አለው፣ የራሱ ፈታሽ አለው፣ ፈታሾቹም እርስ በርስ አይተዋወቁም።

መጀመሪያ ኢንተርኔቱ። እኔ ጋ ቅልጥፍ ብሎ የሚሠራውን አፕ ኤፒኬ (የአንድሮይድ መጫኛ ፋይል) አድርጌ ለአንዷ አስተናጋጅ በቴሌግራም ላክኩላት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች።

"ወንድሜ፣ ኮኔክሽን የለም ይላል።"

"ዳታ አብሪ እህቴ።"

"በርቷል።"

"አጥፍተሽ አብሪው እስቲ።"

"ኧረ ቲክቶክ እያየሁበት ነው!"

ሄድኩ። ስልኳን በኬብል ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ ስጭነው ይሠራል። ኤፒኬውን ስጭነው አይሠራም። ያው ኮድ፣ ያው ስልክ! አንድ ቀን ተኩል ሙሉ ሰርቨሩን ጠረጠርኩ፣ ዋይፋዩን ጠረጠርኩ፣ በመጨረሻ ራሴንም ጠረጠርኩ። ለካስ አንድሮይድ ላይ አንድ አፕ ኢንተርኔት ለመጠቀም ማኒፌስት በሚባለው ፋይል ውስጥ አንዲት የፈቃድ መስመር ያስፈልገዋል። ፍላተር ፕሮጀክቱን ሲፈጥር ያቺን መስመር ዲባግ ማኒፌስት (ለሙከራ ብቻ የሚሆነው) ውስጥ ያስቀምጥልሃል፤ ኮድ ስትቀይር ስልኩ ላይ ወዲያው የሚታይህ በእሷ በኩል ስለሆነ። ዋናው ማኒፌስት ውስጥ ግን ራስህ ካልጨመርካት የለችም። ስትሞክረው የሰው ካባ ለብሰህ ነበር እንደማለት ነው፤ ደንበኛው ፊት ስትቆም ካባው ባለቤቱ ጋ ቀርቷል። አንድ ቀን ተኩል፣ ለአንድ መስመር። መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ አዎ። ያላነበብኩት እኔ ነኝ፣ አዎ። ያው ቢሆንም ያናድዳል። (የማክ ሰዎች አትሳቁ። እናንተም ጋ የዲባግና የሪሊዝ (ለደንበኛ የሚወጣው) የፈቃድ ፋይል ለየብቻ ነው፤ አንዱን ሞልቶ ሌላውን የረሳ ያውቃታል።)

ከዚያ ብሉቱዙ። የአስተናጋጆቹ ስልክ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዷ አንድሮይድ 13፣ ሌላዋ አንድሮይድ 10 ይዛለች። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ በአቅራቢያ ያለ መሣሪያ መፈለግና መገናኘት የራሱ ፈቃድ ወጥቶለታል። ከዚያ በፊት ባሉት ላይ ግን ብሉቱዝ ለመፈለግ የሚጠየቀው የቦታ ፈቃድ ነው፤ ሎኬሽኑም ራሱ መብራት አለበት። ምክንያት አለው፤ በዙሪያህ ያሉትን ብሉቱዞች የሚያይ አፕ የት እንዳለህ መገመት ይችላል። ይህን ግን ምሳ ሰዓት ላይ ትሪ ለያዘች ልጅ አስረዳ እስቲ።

"ፕሪንተር ለመፈለግ የኔ ቦታ ምን ያደርግለታል? ጋሼ ናቸው አይደል የት እንደምውል ሊያዩ ያሰቡት?"

"አይደለም እህቴ፣ አንድሮይዱ ነው።"

"አንድሮይዱ የማነው?"

መልስ አጣሁ። "ደግመህ አትጠይቀኝ" የምትለዋን ነክታ ከለከለችኝ፤ ከዚያ በኋላ አፑ ቢለምንም መስኮቱ አይመጣም፣ ሴቲንግ ድረስ ሄዶ በእጅ መክፈት ነው። ሁለት ቀን ለመንኳት። እውነቷን ነው ደግሞ፤ እኔም ብሆን አልፈቅድም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ብሶት መጣን። ፕሪንተሯ።

ባለ 58 ሚሊ ሜትር ወረቀት፣ መዳፍ የምታክል ቴርማል ፕሪንተር ናት። መጀመሪያ በላቲን "ቴስት" ብዬ ላክኩ፣ አወጣች። ጨፈርኩ። ከዚያ "ጥብስ" ብዬ ላክኩ። አፑ ራሱ ኤረር መታ፤ የተጠቀምኩበት ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ከላቲን ውጭ ያለ ፊደል ሲያይ ይደነግጣል። እሺ፣ የዓለምን ፊደል ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ቁጥር በሚለውጠው በዩቲኤፍ 8 ልላከው ብዬ ላክኩ። ወረቀቱ ወጣ። ማዘር፣ ማለት የኩሽናዋ ሹም፣ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው።

"ልጄ፣ እንግዶቹ ቻይና ናቸው?"

እንደምንም ሳቅኩ እንጂ ማልቀስ ነበረብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት፣ ማለት ሦስት ቁጥር፣ ይወስዳል፤ "ጥብስ" ዘጠኝ ባይት ነው ማለት ነው። ፕሪንተሯ ስትሠራ በቻይንኛ ሞድ ነው የተነሳችው፤ የመጣላትን ባይት ሁለት ሁለቱን አጣምራ የቻይና ፊደል ትፈልግለታለች። ታገኛለችም! ጥብሳችን ተቆራርጦ የቻይና ቃል ሆነ። ከቻይንኛ ሞድ የምታስወጣ ሁለት ባይት የምታህል ትዕዛዝ እንዳለች ያወቅኩት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ላክኳት። አሁን ደግሞ በየፊደሉ መጀመሪያ ላይ ያቺ የጀርመኖች ድርብ ኤስ ትመጣለች፤ የኛ ፊደላት በሙሉ በዩቲኤፍ 8 የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ባይት ስለሆነ፣ ያ ባይት ደግሞ በፕሪንተሯ ሠንጠረዥ ላይ ድርብ ኤስ ስለሆነ። ከቻይና ወጥተን ጀርመን ገባን፤ አዲስ አበባ ግን አልደረስንም።

ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ፕሪንተሯ አልሰማችም። እንደሷ ያሉት ርካሾቹ የግዕዝ ፊደል ሠንጠረዥ የሚባል ነገር ሆዳቸው ውስጥ የላቸውም፤ ምንም ብትላቸው አያውቁትም። የቀረው መንገድ አንድ ነው። ፎንቱን አፑ ውስጥ ከተህ፣ ጽሑፉን ራስህ ሥዕል አድርገህ ትስላለህ፣ ሥዕሉን ጥቁርና ነጭ ነጥብ አድርገህ ትልካለህ። ለፕሪንተሯ "ጥብስ" አሁን ቃል አይደለም፣ ፎቶ ነው።

አለቀ? አላለቀም። ወረቀቱ በጎኑ 384 ነጥብ ይይዛል፤ አንድ ረድፍ 48 ባይት ነው። ሰባት ሴንቲ ተኩል የሚሆን ትዕዛዝ 600 ረድፍ ነው፤ ማባዣውን ራሳችሁ ምቱት፣ 28,800 ባይት። የተጠቀምኩት የብሉቱዝ ዓይነት ደግሞ ስለ መጠኑ ከፕሪንተሯ ጋር ካልተነጋገርክ በቀር በአንድ ጊዜ የሚያሳልፍልህ 20 ባይት ነው። 1,440 ጉርሻ! ሳላቋርጥ ሳጎርሳት ታነቀች፤ ግማሹን ሥዕል አትማ የቀረውን እንደ ጽሑፍ ቆጥራ አንድ ክንድ ሙሉ የማይነበብ ነገር ተፋች። ማዘር ወረቀቱን ሰብስባ ለእሳት ማያያዣ ወሰደችው፤ ቢያንስ ለሆነ ነገር ጠቀመ። ትልቅ ጉርሻ እንድትቀበል መጀመሪያ አስማምቼ፣ በየመሃሉ ትንሽ እንድትተነፍስ እየጠበቅኩ ስልከው "ጥብስ" አማርኛ ሆኖ ወጣ። ዘጠኝ ቀን። ማንም አላጨበጨበም። ጋሼ አንዴ ገልመጥ አድርገው "መጀመሪያውንስ እንዲህ መሆን አልነበረበትም?" ብለው አለፉ።

ዊንዶውሱ ላይ ስመጣ ያው የፕሪንተር ፕለጊን (አፑን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኝ ዝግጁ ኮድ) "ሚሲንግ ፕለጊን ኤክሴፕሽን" አለኝ። ለማያውቅ፣ ዳርቱ በአንድ ቻናል በኩል ስም ጠርቶ ይደውላል፤ በወዲያ ማዶ በማሽኑ ቋንቋ የተጻፈ መልስ ሰጪ መቀመጥ አለበት። ከሌለ ያቺ "የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም" የምትለዋ ሴትዮ ትመጣብሃለች። ይህ ኤረር ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ፕለጊኑን አፑ እየሠራ ሳለ ከጨመርከው፣ ኮዱን ማደሱ ብቻ አይበቃም፤ አቁመህ እንደገና ቢልድ ማድረግ፣ ማለት አፑን ከመጀመሪያው መገጣጠም፣ አለብህ። እኔ ይሄ ነው ብዬ አንድ ቀን ሙሉ አቆምኩ፣ አስነሳሁ፣ አቆምኩ፣ አስነሳሁ። የፕሮግራመሮች ግሩፕ ላይ ጠየቅኩ። ምን እንደተባልኩ ገምቱ።

"ፍላተር ክሊን አድርግ።"

የቆየውን ቢልድ ጠርገህ እንደ አዲስ ጀምር ማለታቸው ነው። እግዜር ይስጥልኝ። ራስ ምታት ቢኖርብኝም ፍላተር ክሊን ነው መድኃኒቱ። ሌላ ሰው ልክ የኔው ችግር ደርሶበት ጠይቆ ነበር፣ ከሁለት ዓመት በፊት። ልቤ ዘለለ። ከሥሩ ራሱ ምን ብሎ መልሷል? "ሶልቭድ፣ ታንክስ።" እንዴት?! አንተ ሰው፣ የት ነው ያለኸው? እንዴት አድርገህ ፈታኸው? ልጆችህ ይደጉልህና ንገረኝ!

ሁለተኛው ምክንያት ነበር የኔ። ፕለጊኑ መጀመሪያውኑ ለዊንዶውስ አልተሠራም። ገጹ ላይ "አንድሮይድ፣ አይኦኤስ" ይላል፣ በትንንሽ ፊደል፣ ከስሙ ሥር። ስመርጠው ያየሁት የኮከቡን ብዛት ነበር። ስለዚህ "አንዴ ይጻፋል" ያልኩትን ሁለተኛ ጻፍኩት። የካሸሯን ፕሪንተር በዩኤስቢ ሰክቼ፣ ከዳርት ሆኜ የዊንዶውስን የኅትመት ወረፋ በቀጥታ እየጠራሁ፣ "ይሄ ጥሬ ዳታ ነው፣ ሳትነካካ አሳልፈው" እያልኩ።

ተሠርቶ አለቀና ካሸሯ ኮምፒውተር ላይ ልጭን ሄድኩ። እዚህ ላይ በራሴ ልሳቅ። ኤግዜውን፣ አፑን የሚያስነሳውን ፋይል፣ ብቻ በፍላሽ ይዤ ሄድኩ፤ አጠገቡ መሆን ያለባቸውን ዲኤልኤሎች (አፑ የሚደገፍባቸው ፋይሎች) እና ዳታ የሚለውን ፎልደር ቤት ትቼ። ተመለስኩ፣ ሙሉውን ይዤ መጣሁ። አሁን ደግሞ "ኤምኤስቪሲፒ140 ዲኤልኤል የለም" የሚል መስኮት። እኔ ላፕቶፕ ላይ ኮዱን ወደ አፕ የሚለውጠው ኮምፓይለር ስለተጫነ ፋይሉ አብሮ አለ፤ ትዕዛዝ ብቻ የምትቀበል ኮምፒውተር ላይ ማን ይጭነዋል? ጋሼ ከኋላዬ ቆመው እጃቸውን አጣምረዋል። "አንተ ልጅ፣ ቤትህ ይሠራ አልነበር?" ከዚህች ጥያቄ የከፋ ስድብ አላውቅም።

ግሬድልን፣ የአንድሮይዱን አፕ የሚገጣጥመውን መሣሪያ፣ ላነሳው አልፈለግኩም ነበር፣ ግን ተነሳብኝ። አንድ ፕለጊን አሳድገኝ አለ፣ አሳደግኩት። እሱ የአንድሮይድ ግሬድል ፕለጊን 8 ፈለገ፤ ያ ደግሞ ጃቫ 17 ፈለገ፤ ጃቫ 17 ሲገባ የቆየው ግሬድል "ሜጀር ቨርዥን 61 አላውቅም" አለ፣ ጃቫ 17ን ማለቱ ነው፤ ግሬድሉን ሳሳድግ ሌላ ያረጀ ፕለጊን "ኔምስፔስ (መለያ ስም) አልተሰጠኝም" ብሎ ተኛ። ጥርስ ልታስነቅል ሄደህ ጉልበትህን ሲከፍቱልህ አስበው። ይህ ሁሉ በየደረጃው ይወርዳል፣ በሞባይል ዳታ፤ ማውረዱ ሊያልቅ ሲል መብራት ይሄዳል።

ጋሼ በመሃል "የኔዋ አይፎን ነው የምትይዘው፣ ለእሷም አድርግላት" ብለው ነበር። ጋሼ፣ ለአይፎን ቢልድ ለማድረግ ማክ ያስፈልጋል፣ ስቶሩ ላይ ለማውጣት በየዓመቱ 99 ዶላር ይከፈላል አልኳቸው። "አንዴ ከተጻፈ ለሁሉም ይሆናል አላልክም?" አሉኝ። ብያለሁ።

ትናንት ደወሉ። ልቤ ቀጥ አለ።

"ወረቀቱ ላይ ሰዓቱ ተሳስቷል። እኛ ስምንት ተኩል ላይ ነን፣ እሱ 14:30 ይላል።"

ይህቺ የራሴ ኮድ ናት። ፕለጊን የላትም፣ ፈቃድ የላትም፣ ድንበር አትሻገርም። ስድስት ቀንሼ፣ ቀንና ሌሊቱን ለይቼ፣ ሁለቱም ላይ አድሼ ላክኩ። ወዲያው መልሰው ደወሉ፣ ድምፃቸው በደስታ ፈክቷል።

"ይሄውልህ! ስትፈልግ በአምስት ደቂቃ ትጨርሳለህ አይደል?"