ያልተቀበሉት ደመወዝ ዕዳ አይከፍልም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ የገንዘብ አማካሪ፣ ከባንክ ለመበደር ለሚያስቡ አድማጮች የለገሱት ምክር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ብድር ስትጠይቁ ደመወዛችሁን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ጻፉ፤ ሥራ ከለቀቃችሁ ብዙ ካልቆየ አሁንም እዚያው እንዳላችሁ አድርጋችሁ ሙሉ፤ ባንኮቹ ይህን ስለሚያውቁ ቀንሰው ነው የሚያሰሉት፤ እስከከፈላችሁ ድረስ የሚጎዳ ሰው የለም አሉ። አወያዩም ሳቅ ብሎ ወደ ማስታወቂያ አለፈ። ሰው በሚያዳምጠው ጣቢያ ላይ ለባንክ ዋሹ ማለት እንደ ብልሃት ተቆጥሮ በሳቅ መታለፉ ከምክሩ በላይ አናዶኛል።

ባንኮች ያውቃሉ ከሚለው ልጀምር፤ ከሁሉም ይልቅ ውኃ የማይቋጥረው እሱ ነውና። ባንኩ የተጋነነውን ቁጥር አውቆ የሚቀንሰው ከሆነ ማጋነኑ ለአመልካቹ የሚያስገኝለት ነገር የለም፤ የሚያስገኝለት ከሆነ ደግሞ ባንኩ አላወቀም ማለት ነው። አማካሪው ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ሊነግሩን አይችሉም። እሺ፣ ባንኮች ሰው ሁሉ ያጋንናል ብለው ከእያንዳንዱ ማመልከቻ ላይ ይቀንሳሉ እንበል። ታዲያ ትክክለኛ ደመወዙን የጻፈው ሰውም በሌሎች ውሸት ምክንያት ተቀንሶበታል ማለት አይደለም? የሚጎዳ ሰው የለም የተባለው እንግዲህ ይህ ሰው ሳይቆጠር ነው።

ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። ብዙ ሰው በማመልከቻው ላይ ያለውን የገቢ ሣጥን እንደ በር ጠባቂ ያየዋል፤ አንድ ጊዜ አታልሎ ካለፈው በኋላ ዳግም የሚገናኙ አይመስለውም። ቁጥሩ ግን በር ላይ አይቀርም። ተከትሎ ገብቶ የብድሩን መጠን፣ የመክፈያ ዘመኑን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያውን ይወስናል። እስቲ በምሳሌ እንየው። በየወሩ 100 የተጣራ ገቢ ያለው ሰው 150 አገኛለሁ ብሎ ጻፈ። ባንኩ ከገቢው 40 በመቶ ለብድር ክፍያ ሊውል ይችላል የሚል መመሪያ ቢኖረው፣ እውነቱን ቢናገር ኖሮ 40 ከፍሎ በ60 ይኖር ነበር። አሁን ግን ክፍያው ከ150 ላይ ስለተሰላ 60 ሆነ፤ 60ው የሚወጣው ደግሞ ከወረቀቱ ሳይሆን ከእውነተኛው 100 ላይ ነው፤ ለኑሮው የቀረው 40 ብቻ ነው። ኑሮውና ዕዳው ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው። ወለዱ ተለዋዋጭ ከሆነና ክፍያው በአንድ አሥረኛ ከጨመረ 66 ይከፍላል፤ በ34 ይኖራል። አንድ ልጅ ቢታመም፣ የቤት ኪራይ ቢጨምር ወይም አሠሪው ደመወዝ በሁለት ሳምንት ቢያዘገይ ክፍያው ውዝፍ ይሆናል፤ ቅጣት ይከተላል፤ ቅጣቱም ከዚያው ከ34 ላይ ይነሣል። አማካሪው እስከከፈላችሁ ድረስ ሲሉ እንደ ቀላል ነገር የወረወሯት ሐረግ ውስጥ ያለው ሒሳብ ይህ ነው። ባንኩ 40 በመቶ ላይ ያቆመው ለበጎ አድራጎት አይደለም፤ ለገንዘቡ ብሎ ነው። ነገር ግን በዚህ አንድ ነጥብ ላይ የባንኩ ስስትና የተበዳሪው ደኅንነት አንድ መሥመር ላይ ይቆማሉ፤ ያንን መሥመር በገዛ እጁ የሚሰርዝ ሰው ባንኩን ሸወድኩ ሲል መስማት ይገርመኛል።

ከዓመታት በፊት በአንድ ባንክ የብድር ክፍል ውስጥ ስሠራ አንድ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ደብዳቤው አመልካቹ በአንድ ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ መሆኑንና ጠቀም ያለ ደመወዝ እንደሚከፈለው ይገልጻል። የሂሳብ መግለጫውን ስመለከት ለሦስት ተከታታይ ወራት፣ በወሩ የመጨረሻ ቀን፣ ልክ ያ ደመወዝ ገብቷል፤ በማግሥቱ ደግሞ ያው ገንዘብ እንዳለ ወጥቷል። አንድ ብር ሦስት ጊዜ ዞሮ ሦስት ደመወዝ ሆኖ ነበር። በደብዳቤው ላይ ወዳለው ስልክ ደወልኩ። ያነሣው ሰው «አቤት፣ ማን ልበል?» አለኝ፤ የድርጅቱን ስም ስነግረው ጥቂት ዝም ብሎ «አዎ፣ አዎ፣ ድርጅቱ ነው» አለ። አመልካቹን ሳነጋግረው ድርጅቱን ከለቀቀ አምስት ወር እንደሆነውና ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ተማሪዎችን ቤታቸው እየሄደ በማስጠናት እንደሚተዳደር ነገረኝ። ገቢውን በደብተር መዝግቦታል፤ የተማሪዎቹ ወላጆችም በባንክ የሚልኩለት ነበሩ፤ በሌላ ሂሳብ ይግባ እንጂ እውነተኛ ገንዘብ ነበር። በዚያ ገቢ ከጠየቀው አነስ ያለ ብድር የሚያገኝበት መንገድ ነበር። እሱ ግን ማስጠናት ሥራ ተብሎ አይጻፍም ብሎ እውነተኛ ገቢውን ደብቆ በሌለው ደመወዝ መጣ። ፋይሉ ሐሰተኛ ሰነድ ተብሎ ከተዘጋ በኋላ ያንን ደብተር ማንም ሊያይለት አልፈለገም።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ነው ለሚል፣ አገር ሲያደርገው ምን እንደሚመስልም ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በፊት በአሜሪካ ተበዳሪው ገቢዬ ይህ ነው ካለ ማስረጃ የማይጠየቅበት የቤት ብድር እንደ ጉድ ይሰጥ ነበር፤ የሙያው ሰዎች ራሳቸው የውሸታሞች ብድር እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በዚህ ዓይነቱ ብድር ከታወቁት አንዱ የነበረው ኢንዲማክ ባንክ በሐምሌ 2008 በተቆጣጣሪዎች እጅ ወደቀ። በዚያ ዘመን በብዙ ማመልከቻዎች ላይ ቁጥሩን ያሳበጠው ተበዳሪው ሳይሆን ደላላው እንደነበር፣ አንዳንዱ ተበዳሪም ምን እንደተጻፈለት እንኳ እንዳላወቀ የሚያስታውሱኝ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ደላላው ቁጥሩን ከፍ አደረገ፤ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄደ፤ ቤቱ ሐራጅ ሲወጣ ዕቃውን በመንገድ ዳር የደረደረው ተበዳሪው ነበር። በሬዲዮ የሰማነው ምክር የዚያ ደላላ ድምፅ ነው። አሜሪካ በ2010 ባወጣችው ሕግ መነሻነት ከጥር 2014 ጀምሮ አበዳሪዎች የቤት ብድር ጠያቂን የመክፈል አቅም በማስረጃ እንዲያጣሩ ተገደዱ፤ በእንግሊዝም ገቢን ያለ ማስረጃ በራስ ቃል ብቻ አረጋግጦ የቤት ብድር መውሰድ በዚያው ዓመት አከተመ። በዚያ ሁሉ ኪሳራ የተገዛ ትምህርት ዛሬ እንደ ብልጣብልጥነት ተገልብጦ ሲሰጠን ዝም ብለን ልንሰማ ነው?

ስለ ሕጉ ብዙ አልልም፤ አማካሪው ግን አንድም ቃል ስላላነሡ ጥቂት ልበል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ብድር ለማግኘት እያወቁ ለባንክ ሐሰት መግለጽ እስከ 30 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ሊያስከትል ይችላል። በእንግሊዝ የ2006 የማጭበርበር ሕግ ጣሪያው 10 ዓመት ነው። ከእስራቱ ይልቅ ለብዙ ሰው የሚቀርበው ግን የብድር ውሉ ራሱ ነው፦ የተሰጠው መረጃ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ባንኩ ቀሪውን ዕዳ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሊጠይቅ እንደሚችል የሚደነግግ አንቀጽ በአብዛኛው ውል ውስጥ አለ። ይህ አንቀጽ ወርሃዊ ክፍያውን አንድም ቀን ያላጓደለውን ሰው ጭምር ይይዛል። እስከከፈላችሁ ድረስ የሚለው ዋስትና እንግዲህ በውሉ ውስጥ እንኳ ቦታ የለውም። ባሰ ጊዜ ደግሞ መክፈል ያቃተው ሰው ዕዳው በፍርድ ቤት እንዲሰረዝለት በሚፈቅደው በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ፣ አበዳሪው ያመነበት የሐሰት የጽሑፍ መግለጫ ቀርቦ የተገኘ ዕዳ በኪሳራ እንኳ ላይሰረዝ ይችላል፤ መውጫው በር ከውስጥ ተቆለፈ ማለት ነው።

ባንኮች ቋሚ ደመወዝ የሌለውን ሰው እንደ ሥራ ፈት ማየታቸው ያበሳጫል፤ ይህን አልክድም፤ እኔም በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ገቢው በወር በወር የሚዋዥቅ ሰው ግን የዓመቱን ገቢ በሂሳብ መግለጫና በግብር ሰነድ ማሳየት፣ አብሮ የሚፈርም ተበዳሪ ማቅረብ፣ አነስ አድርጎ መጠየቅ፣ ወይም የመክፈያ ዘመኑ እንዲረዝምለት መደራደር ይችላል። አማካሪ የሚባል ሰው ሊያስተምር የሚገባው ይህንን ነበር፤ ይህ ግን ሥራ ይጠይቃል፣ አወያይንም አያስቅም።

በማመልከቻው ግርጌ፣ ከፊርማው በላይ፣ ከላይ የሰጠሁት መረጃ እውነተኛና የተሟላ መሆኑን አረጋግጣለሁ የሚል አንድ መሥመር አለ። ከፍ አድርጎ መጻፍ ማንንም የማይጎዳ ከሆነ፣ አማካሪው በሚቀጥለው ዝግጅታቸው ምክራቸውን ለተቀበለ አንድ አድማጭ በዚያ መሥመር ሥር ዋስ ሆነው ይፈርሙለት። እኔም ሬዲዮኔን ከፍቼ እጠብቃለሁ።